የድሮ ፖስትካርድ እያየን የምናዝነው ለየትኛዋ ፒያሳ ነው?

የአራዳ ልጅ፦ ይሄን ፖስትካርድ ከአያቴ ሳጥን ውስጥ አገኘሁት። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ባለ አንድ ፎቅ ቤት፣ የእንጨት በረንዳ፣ ከስሩ ሱቅ፣ ደጁ ላይ አንዲት ፊያት ቆማለች። ቅዳሜ ይዤው ፒያሳ ወጣሁና ካርዱን ከፊቴ አድርጌ ቦታውን ላገጣጥም ብል ከጊዮርጊስ በቀር የሚገጥም ነገር የለም። 2016 ላይ ያን ሁሉ ስናፈርስ ታሪክ ነው ያፈረስነው ወይስ እኔን ናፍቆት ነው የያዘኝ? ተከራከሩ እስቲ

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦ ወንድሜ ካርዱ ላይ በረንዳው እንጂ ጓሮው የለም። እኔ ጓሮው ውስጥ ነው ያደግኩት፣ ለአስራ ምናምን አባወራ አንድ ሽንት ቤት፣ ክረምት ሲሆን ደሞ እናቴ ጣራው በሚያፈስበት ሁሉ ሳፋና ድስት ስትደረድር ነው የምታድረው። ፎቶ አንሺው እዛ ድረስ አልገባም 😂

አራት ኪሎ፦ እሺ ግን ለምን እንደዛ ሆነ? 1967 ላይ በአዋጅ 47 ትርፍ ቤት ተወረሰ፣ የቀበሌ ሆነ፣ ኪራዩ የሻይ ዋጋ፣ ቀበሌው አያድስ፣ ተከራዩ ቢያድስ ደሞ የራሱ አይደለ። አንድ ሚስማር ሳይመታበት ይሄን ሁሉ ዓመት ቆይቶ አርጅቷል ብሎ ማፍረስ ምን የሚሉት ነው? የቅርስ አዋጁም እኮ ከ1992 ጀምሮ አለ

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ ከዚህ በፊት ያሉትንም ካርዶች እዩ እንጂ። በምኒልክ ጊዜ የተነሱት ላይ አራዳ ማለት ገበያ ነው፤ በቅሎ፣ ጥላ የያዘ ሰው፣ የሳር ክዳን ጎጆ። ጣሊያን ገበያውን አንስቶ ዛሬ መርካቶ ያለበት ወሰደው፣ ፒያሳ የሚለውም ስም የሱ ነው። ለዛ ገበያ ያለቀሰ አላየሁም።

አራት ኪሎ፦ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሁሉንም ለጣሊያን አይስጡት እንጂ። ከ1928 በፊት አርመኑም ግሪኩም ህንዱም እዛ ሰርቷል። ጣይቱ ሆቴልን ይዩት፣ የምኒልክ ጊዜ ነው፣ 2007 ላይ ከፊሉ ተቃጥሎ እንኳ ይኸው ቆሟል። ማቆየት ከተፈለገ ይቻላል ማለት ነው

ዲሲ ነኝ፦ የኛ ካዛንቺስም 2017 ላይ ተከተለ። ስሙ ራሱ ጣሊያን ለመንግስት ሰራተኞቹ ካሰራቸው ቤቶች የመጣ ነው፣ ካዜ ኢንቺስ ይሏቸው ነበር። ለልጄ የተወለድኩበትን አሳይሃለሁ ስል ኖሬ አሁን የቀረኝ ፎቶ ነው

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦ ዲሲ፣ አይዞህ ግን አንተ ሄደህ ነው፣ እኛን አንስተውን ነው፣ አይገናኝም። አሁን ያለንበት ኮንዶሚኒየም ውሃው በሳምንት ሁለቴ ቢመጣም ሽንት ቤቱ የራሳችን ነው፣ እናቴን ተመለሽ ብትሏት አትመለስም። የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው፣ እድራችን ሶስት ቦታ ተበተነ፣ ባለፈው ጎረቤታችን አርፈው ድንኳኑ ሲደርስ ቀብር ወጥቶ ነበር። ለሱ የሚሆን ፖስትካርድ ካላችሁ አምጡ

ጡረተኛው፦ ነፍስ ይማር። የአራዳ ልጅ፣ እስቲ የካርዱን ጀርባ አንሳልን፣ ማህተም ካለው ዓመቱ ይታወቃል።

የአራዳ ልጅ፦ አልተላከም ጋሼ። ጀርባው ላይ ከአልበም ሲላቀቅ የቀረ ሙጫ ብቻ ነው ያለው