የማሲንቆ ዜማ በማንዶሊን ሲፈጥን እጄ ይደርቃል፤ ሰርጉ ቅዳሜ ነው

ጠያቂ፣ ከሽምብጥ፦ ወገኖቼ፣ አስቸኳይ ምክር እሻለሁ። ቅዳሜ ዘጌ ውስጥ በአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ አንድ የማሲንቆ የጭፈራ ዜማ በማንዶሊን ልጫወት ቃል ገብቻለሁ። ምት የሚቆጥርልኝ ሜትሮኖም በደቂቃ 84 ምት ላይ ሲሆን ዜማው ጥርት ብሎ ይወጣል፤ 112 ሲደርስ ግን ቀኝ እጄ ይደርቃል፣ ክሩን የምመታበት መምቻ በማንዶሊኑ ጥንድ ጥንድ ክሮች መካከል ይያዛል፣ ከከበሮውም እለያያለሁ። ዛሬ ረቡዕ ነው። ምን ላድርግ?

ከጎርጎራ፦ ልጄ፣ ፍጥነት ከዝግታ ነው የሚገኘው። ሜትሮኖሙን ወደ 60 መልሰህ ዜማውን በአጫጭር ሐረግ ከፋፍለህ አጥና፤ አንዱ ሐረግ ሦስት ጊዜ ያለ ስህተት ሳይወጣልህ ወደሚቀጥለው አትለፍ። ትከሻህንም አላላው።

ከባሕር ዳር፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ ከ60 ይጀምሩ። ቅኝቱ ምንድን ነው? መምቻውንስ እንዴት ነው የሚመቱት? እነዚህን አልነገሩንም።

ከዘጌ፦ እኔ ግን ችግሩ የፍጥነት ነው ብዬ አላምንም። ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ደጋኑን አንድ ጊዜ ሲስብ በግራ እጁ ጣቶች ብዙ ድምፅ ያወጣል፤ እርስዎ ያንን ሁሉ አንድ በአንድ በመምቻ ልምታ ካሉ እጅዎ መድረቁ አይቀርም። ጌጡን፣ ማለትም ተጨማሪዎቹን ፈጣን ድምፆች፣ ትተው የዜማውን አጥንት ብቻ ይጫወቱ።

ጠያቂ፦ ጌጡ ከወጣ የአክስቴ ቤተሰብ ዜማውን አያውቀውም። ቅኝቱ ከሶል የሚነሣ ትዝታ ሜጀር ነው፤ ምቱ ስድስት ስምንተኛ (በአንድ ዙር ስድስት ድምፅ) ሲሆን፣ መምቻውን ታች፣ ላይ፣ ታች፣ ላይ እያልኩ ያለማቋረጥ እመታለሁ።

ከደልጊ፦ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በአንድ የሜትሮኖም ምት ሦስት ድምፅ ስላለ፣ 112 ላይ በደቂቃ 336 ድምፅ ያወጣሉ ማለት ነው። ስድስቱ ድምፆች በሦስት በሦስት ስለሚቧደኑ፣ ታችና ላይ ብቻ እያፈራረቁ ከመቱ የሁለተኛው ቡድን መነሻ ደካማው የላይ ምት ላይ ይወድቃል፤ ከከበሮው የሚለዩትም በዚህ ምክንያት ነው። «ታች፣ ላይ፣ ታች» ብለው ሁለተኛውንም ቡድን እንደገና ከታች ይጀምሩ። ሁለቱ ታች ምቶች ሲከታተሉ መጀመሪያ ያስቸግራል፤ ስለዚህ በአንድ ባዶ ክር (የግራ እጅ ጣት ሳይነካው በሚመታ ክር) ላይ ብቻ ለግማሽ ሰዓት ይለማመዱት። መምቻውንም ጫፉ ጥቂት ብቻ እንዲወጣ አድርገው ላላ ባለ እጅ ይያዙት፤ ጠልቆ ሲገባ ነው የሚያዘው። ለጌጡ ደግሞ ቅኝትዎ ያግዝዎታል፦ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ካሉት አምስቱ ድምፆች ከሲ በቀር አራቱ የማንዶሊን ባዶ ክሮች ናቸው። የላን ክር አንዴ መትተው ሲን ሁለተኛው ፍሬት (በማንዶሊኑ አንገት ላይ ያለው ሁለተኛው መከፋፈያ) ላይ የግራ እጅ ጣት ጠበቅ አድርጎ በማሳረፍ ብቻ ያሰሙት። በቀኝ እጅዎ አንድ ምት ይቀንስልዎታል፣ ጌጡም አይጠፋም።

ከጎርጎራ፦ ይህ መልካም ነው፤ ግን ይህንንም ከ60 ይጀምር።

ጠያቂ፣ ሐሙስ ማታ፦ ባዶው ክር ላይ ተሳካልኝ። ዜማው ውስጥ ስገባ 100 ድረስ ሄድኩ፤ ከላ ክር ወደ ሚ ክር ስሻገር ግን አሁንም እሰናከላለሁ።

ከደልጊ፦ የሚሻገሩባቸውን ሁለት ድምፆች ብቻ ነጥለው ይደጋግሟቸው፤ ክር የሚለወጠው በሦስተኛው ምት ላይ ነው ወይስ በአንደኛው?

ከዘጌ፣ እሑድ፦ ሰርጉ እንዴት ሆነ?