መሬታችን ላይ ዛፍ ብናስቆርጥ አጋዘኑ ጥሎን ይሄዳል?

ባለ60ኤከር፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ቨርጂኒያ፣ ሉዊዛ ካውንቲ ውስጥ ወደ 60 ኤከር ጫካ ገዝተናል። ቤት የለበትም። ቅዳሜና እሁድ ሄደን አየር የምንቀይርበት፣ ኖቬምበር ላይ ደግሞ አጋዘን የምናድንበት ቦታ ነው። አብዛኛው ኦክና ቱሊፕ ፖፕላር ነው፤ በአንድ ጎኑ በመስመር የተተከለ ያረጀ ፓይን አለ። ዛፎቹ ትልልቅ ናቸው፣ ከሥራቸው ያለው መሬት ግን ባዶ ነው፣ የረገፈ ቅጠል ብቻ።

አሁን አንድ እንጨት ቆራጭ መጥቶ «ከ14 ኢንች በላይ የወፈረውን ብቻ ልውሰድ፣ ትንንሾቹን አልነካባችሁም፣ ካሽ እሰጣችኋለሁ» አለን። አንዱ ጓደኛዬ ዛሬውኑ እንፈርም ባይ ነው። ሌላው «ዛፉ ከሄደ አጋዘኑም ሄደ፣ ታዲያ ምን ልንሠራ ገዛነው?» ይላል። እኔ መሀል ላይ ቀርቻለሁ። የሞከራችሁ ካላችሁ እስቲ ንገሩን። ይሸሻል? ከሸሸስ ይመለሳል? ዘንድሮ ፍሪዘሩ ባዶ ከሆነ ቤት ውስጥ የሚጠብቀኝን ታውቁታላችሁ።

የሸናንዶው፦

ወንድሜ፣ አይሸሽም። ቀን ላይ መጋዙ ሲጮህ ትንሽ ገለል ይላል፣ ሠራተኞቹ ማታ ሲሄዱ ተመልሶ ይመጣል። ለምን መሰለህ፣ አጋዘን ከመሬት እስከ 5 ጫማ ገደማ ድረስ ያለውን ነው የሚበላው፤ ያ ሁሉ ለስላሳ ቡቃያ ግን ላይ ጫፍ ላይ ነበር። ዛፉ ሲወድቅ ማዕዱ መሬት ወረደለት ማለት ነው። በተለይ በብርዱ ክረምት ሌላ የሚበላ ሲጠፋ የወደቀውን ጫፍ ሲግጥ ታየዋለህ። ቅርንጫፉን ጠጋ ብለህ እየው። ጫፉ የተቦጫጨቀ ከሆነ አጋዘን ነው፤ የላይ የፊት ጥርስ ስለሌለው ይቦጭቃል እንጂ አይቆርጥም። በቢላ የተቆረጠ ከመሰለህ ጥንቸል ናት።

ዋናው ግን ፀሐይዋ ነው። አሁን ያላችሁ ጫካ ለዓይን ያምራል እንጂ ለአጋዘን ምድረ በዳ ነው፣ ኦክ ፍሬ ከሚያረግፍበት ሰሞን በስተቀር። ፀሐይ መሬት ስትነካ በሚቀጥለው በጋ ብላክቤሪው፣ ሣሩ፣ እሾሃማው ሐረግ ይወጣል፤ የኦኩ ጉቶ ራሱ እንደ አገራችን ባሕር ዛፍ ያቆጠቁጣል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ምግብ ነው፣ ከዚያ መደበቂያ ይሆናል። ከ10 እስከ 15 ዓመት ሲሞላው ደግሞ ችግኙ ገጥሞ ፀሐይዋን መልሶ ይዘጋታል፣ ሥሩ እንደገና ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ሁሉንም ባንድ ጊዜ አታስመታው፣ በየተወሰነ ዓመት ከፋፍለህ አስቆርጥ።

የወንዶ ገነት ልጅ፦

የሸናንዶው ያልከው ልክ ነው፣ ግን ስለ አጋዘኑ ከመጨነቃችን በፊት «ከ14 ኢንች በላይ» የሚለው ነገር ላይ እንቁም። እኔ ደን ነው ያጠናሁት፣ እዚህም የምሠራው በዚያው ነው። ትንንሾቹን አልነካም ሲል ደግ ነገር ያደረገልህ ይመስላል አይደል? ቀጭኑ ዛፍ ልጅ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከወፍራሙ ጋር እኩያ ነው፣ ተበልጦ ጥላ ሥር የቀረ ነው። ሰውዬው ጠንካራውንና ቀጥ ያለውን ሁሉ ወስዶ ደካማውንና ጠማማውን ይተውልሃል፤ ቀጣዩ ጫካህ ከእነዚያ ዘር ነው የሚበቅለው። አጋዘኑም ፍሬ የሚያፈራለትን ዛፍ ነው የሚያጣው።

ደግሞ ዓይኑ የት እንዳለ ልንገርህ፤ ነጭ ኦክ ላይ ነው። የቦርቦን ውስኪ በርሜል የሚሠራው ከእሱ ስለሆነ ጥሩ ነጭ ኦክ ገንዘብ ነው። አጋዘኑም የሚወደው ያንኑ ነው፣ የነጩ ፍሬ እንደ ቀዩ አይመርም። ግን ነጩን ብቻ እተዋለሁ ብለህም ቀዩን እንዳትጨርስ። የነጭ ኦክ ፍሬ በዚያው ዓመት ነው የሚደርሰው፣ የቀዩ ሁለት በጋ ይፈጃል። ኤፕሪል ላይ ውርጭ መጥቶ አበባውን ቢያቃጥል በዚያው መኸር ነጩ ባዶ ይሆናል፤ ቀዩ ግን ካለፈው ዓመት አበባ የያዘውን ያረግፋል። ሁለቱም ካሉህ አጋዘኑ ጾሙን አያድርም። ሰፊ አናት ያላቸውን፣ ብዙ የሚያፈሩትን ኦክቶበር ላይ ዞራችሁ ምልክት አድርጉባቸው፣ ዙሪያቸው ያለው ፖፕላር ይቆረጥላቸው። ያረጀውን ፓይንም ሙልጭ አድርገህ አታስወግደው፣ በብርዱ ለአጋዘኑ መጠለያ ነው።

ካሽ ይዞ በር ላይ ከመጣ ሰው ጋር ብቻህን አትፈራረም። ለአንተ የሚሠራ የደን አማካሪ ቅጠር፤ የሚቆረጠውን በቀለም ምልክት አድርጎ፣ የእንጨቱን መጠን ለክቶ ለብዙ ገዢዎች ጨረታ ያወጣልሃል። ክፍያው ብዙ ጊዜ ከሽያጩ ላይ በመቶኛ ነው፣ ግን ጨረታ ሲኖር ዋጋው ራሱ ይለያያል። አንድ የመጨረሻ ነገር፦ አይላንተስ የሚባለው ዛፍ ካለባችሁ ከመቁረጡ በፊት በመድኃኒት ግደሉት። ሳትገድለው ከቆረጥከው ከሥሩ እየወጣ መሬቱን ይወርሰዋል።

ጋሽ ቋንጣ፦

ልጆች፣ ሁላችሁም ስለ አጋዘኑ ኑሮ ነው የምታወሩት። የጠየቀው ስለ አደን ነው። አጋዘን መብዛቱ አንድ ነገር ነው፣ አጋዘን ማየት ሌላ ነገር ነው። የእኔ ቦታ ተቆርጦ ሦስተኛው ዓመት ላይ እሾሁ ከወገብ በላይ ሆነ። ዱካቸው በየቦታው ነው፣ ኩሳቸው በየቦታው ነው፣ እንስሳው ግን ቀኑን ሙሉ እዚያ ውስጥ ተኝቶ የሚወጣው ከመሸ በኋላ ነው። ከመሸ ደግሞ መተኮስ ሕጉም አይፈቅድ።

ስለዚህ ከመቆረጡ በፊት የት እንደምትቀመጥ አስብ። ግንድ የሚጎተትበት መንገድ ዝም ብሎ በመጣበት አይሂድ፣ አንተ እንድታይበት ሆኖ ይውጣ። ሥራው ሲያልቅ መንገዱና ግንድ የተከመረበት ሜዳ ላይ ክሎቨር የሚባለውን መኖ ዝራበት፤ ቁጥቋጦውም አይይዘውም፣ አጋዘኑም እየበላ ይቆምልሃል። የሚቆረጠው ቦታ ጠርዙ የተጠማዘዘ ይሁን፣ ብዙ ጠርዝ ብዙ መተላለፊያ ነው። ወንበርህን ጫካው ጠርዝ ላይ ስቀል፣ ነፋሱ ከተኙበት ወደ አንተ የሚመጣበት ጎን። አንድ ነገር አትርሳ፤ ጫካው ሲከፈት ጥይቱም መንገድ ይከፈትለታል። ድሮ ግንድ ያስቆመው የነበረው አሁን ከወንዙ ማዶ ካለው ቤት ሊደርስ ይችላል። ከእንስሳው ኋላ አፈር ካላየህ አትተኩስ።

ውሉ ላይ ደግሞ ጭቃ ሲሆን ሥራ ይቁም ብለህ አስገባ። የእኔን የቆረጡት ሰዎች በዝናብ ገብተው የጎማቸው ቦይ እስከ ጉልበት ነው፣ የዘይት ጀሪካናቸውን እንኳ ያነሳሁት እኔ ነኝ። መያዣ ገንዘብ ተቀበል፣ ካጸዱ በኋላ ትመልሳለህ።

ባለ60ኤከር፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ የወንዶ ገነቷ እህቴም በጣም አመሰግናለሁ። ያ 14 ኢንች ነገር ሌሊቱን አላስተኛኝም። ዛሬውኑ እንፈርም ያለው ጓደኛዬ ይህን ሁሉ አንብቦ «እሺ አማካሪ እንፈልግ» ብሏል፣ ትልቅ ድል ነው። ጥያቄ አለኝ፤ መቼ ብናስጀምረው ነው አደኑ የማይበላሸው? ጋሼ፣ እርስዎ መቼ ነው ያስቆረጡት?

ጋሽ ቋንጣ፦

እኔማ በብርዱ ክረምት ነበር፣ ጭቃውም የመጣው ለዚያ ነው። አንተ መሬቱ ደረቅ በሆነ ጊዜ፣ በጋ መጨረሻ አድርገውና የቀስት አደኑ ኦክቶበር ሲጀምር ጨርሰው ቢወጡ ጥሩ ነው። ካልጨረሱ የጠመንጃው ወቅት ኖቬምበር አጋማሽ ሲከፈት መሣሪያቸው ይቁም የሚል ቃል ውሉ ላይ ይኑር። ሰው እየሠራ ባለበት ጫካ ጠመንጃ ይዞ መግባት የለም። የነቢያት ጾም ሕዳር 15 ይገባልና ለመጀመሪያዋ ሳምንት ጥብስህን ፍጠን፤ የቀረው ለገና ቋንጣ ነው።

የወንዶ ገነት ልጅ፦

ጋሼ፣ ቋንጣውን ለእኛም ይላኩልን እንጂ። ባለ60ኤከር፣ ሴቶቹን አጋዘኖችም ምቱ፣ ቀንዳም ብቻ እየጠበቃችሁ አትቀመጡ። አጋዘን በበዛበት ቦታ ቆርጠህ ከተውከው የሚበቅለውን የኦክ ችግኝ አንድ በአንድ ለቅሞ ይጨርሰዋል፤ የሚቀረው የማይወደው ነው፣ ስቲልትግራስ የሚባለው ሣርና ቢች የሚባለው ዛፍ። የዛፉን ጫፍና ቅርንጫፍ ጥረጉልን አትበሉ፣ ተበታትኖ ይቅር። ለእግር አስቸጋሪ ነው፣ ግን ሥሩ ያለው ችግኝ ከአፋቸው ይተርፋል። የስቴቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ባለሙያ ጋ ደውለህ ስለ ዲማፕ ጠይቀው፣ መሬታችሁ ካሟላ ተጨማሪ የሴት አጋዘን ማደኛ ፈቃድ የሚሰጥበት ፕሮግራም ነው። ከሁሉም በፊት ግን ድንበራችሁ በደንብ መለካቱን አረጋግጡ። የጎረቤት ነጭ ኦክ በስሕተት ከተቆረጠ ጎረቤቱ የሚጠይቀው እናንተንም ነው።

ባለ60ኤከር፦

ድንበሩ ላይ ያለው ምልክት የደበዘዘ ቀለም ነው፣ በአንድ በኩልም ጭራሽ የለም። ቀያሽ እንጠራለን። ጎረቤታችን ደግ ሽማግሌ ናቸው፣ አብረን ዞረን እናየዋለን።

የሸናንዶው፦

ስትዞሩ ጠይቃቸው፤ እሳቸውም የሚያስቆርጡ ከሆነ ባንድ ጨረታ ብታወጡት ገዢው መሣሪያውን አንዴ ነው የሚያመጣው፣ ዋጋ ይጨምርላችኋል።