የባሕር ኃይል ማስታወሻ ሳንቲም፦ ረቂቁን እናስተካክል

ጸሐፊው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለብሔራዊ ባንክ የምናስገባው ረቂቅ አንድ ገጽ ደርሷል። በአጭሩ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1955 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የሚያስታውስ፣ ከጥሩ ብር የተሠራ ሳንቲም እንዲወጣ ነው የምንጠይቀው። ፊት ለፊቱ ላይ የልዑል እስክንድር ደስታ ምስል፣ ጀርባው ላይ መልሕቅ ብለናል። አስተያየት ያላችሁ አሁኑኑ ጻፉ። ከገባ በኋላ «ምነው ባልኩ ኖሮ» አይሠራም።

ሳንቲም ሰብሳቢዋ፦
መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ዋጋ የተጻፈበት ሳንቲም ማውጣት የሚችለው ባንኩ ብቻ ነው። እምቢ ካለን የምናሠራው ሜዳሊያ ይሆናል፤ የገንዘብ ዋጋ አይጻፍበትም። ይኼ ረቂቁ ላይ የለም፣ ይግባ። ደግሞ ጥያቄያችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1970 ዓ.ም. ዋልያ ያለበት የ600 ብር የወርቅ ሳንቲም፣ የደጋ አጋዘን ያለበት ደግሞ የ25 ብር ወጥቷል። እነሱን እንጥቀስ።

የቀድሞው ባሕረኛ፦
ምስሉ ላይ አልስማማም። ልዑሉ የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ ነበሩ፣ ክብራቸው እንደተጠበቀ ነው። ግን አንድ ሰው ከተቀረጸ ሞተር ክፍል ውስጥ ሲጠበስ የኖረው ሁሉ ይቀራል። መርከቧ ትሁን። «ኢትዮጵያ»ን ማለቴ ነው። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የባሕር አውሮፕላን እንድታገለግል የሠሯት ናት፤ ያኔ ስሟ ኦርካ ነበር። ወደ እኛ በ1954 መጣች፣ በእኛ አቆጣጠር። 95 ሜትር ገደማ ትረዝማለች። ከአሥመራው ባሕር ኃይል ኮሌጅ የሚወጣው ዕጩ መኮንን የሚሠለጥነው እሷ ላይ ነበር። አዛዡም ሠልጣኙም ወጥ ቤቱም እዚያው ነበር። አንድም ሰው አይቀርም።

ወጣቱ አባል፦
ጋሼ፣ ልክ ብለዋል። እንግዲያው የተመሠረተበትንም የፈረሰበትንም ዓመት እንጻፍ?

የቀድሞው ባሕረኛ፦
የፈረሰበትን ተወው ልጄ። በ1982 ምጽዋ ወጣች ከእጃችን። ግንቦት 1983 ላይ መርከቧ የመን ገባች፤ ኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ይኼን ሳንቲም ላይ አላይም።

ሳንቲም ሰብሳቢዋ፦
እኔም አልፈልግም። ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ከተጻፈ የመቃብር ድንጋይ ነው የሚመስለው። ደግሞ ባሕር ኃይሉ እንደገና እየተቋቋመ ነው፤ በ2011 ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። ታሪኩ ከሳንቲሙ ጋር በምትሰጠው ትንሽ ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ የመኑም ጭምር። መደበቅ የለበትም። የመጀመሪያውን ዓመት ግን በደንብ እናጣራ። የፈረንጁ 1955 በእኛ ከፊሉ 1947፣ ከፊሉ 1948 ነው። ወሩን ከሰነድ ሳናይ ብረት ላይ አናስቀርጽም።

ጸሐፊው፦
ተስማማን። ልዑሉ ወደ ወረቀቱ ይሂዱ፣ መርከቧ ፊት ለፊት ትምጣ፣ መልሕቁ ጀርባ ይቆይ። ሥዕሉን ማን ይሞክራል?

ወጣቱ አባል፦
ትናንት ማታ ሞክሬያለሁ። ወረቀት ላይ 38 ሚሊ ሜትር ክብ አድርጌ ነው የሣልኩት፣ ከአንድ ብር ሳንቲም ጎን አስቀምጬ ፎቶ አንስቻለሁ። ትልቅ አድርጌ ስሥለው ያምር የነበረው ነገር እዚህ ጠፋ። የምሰሶዎቹ ሽቦዎች ፀጉር ሆኑ፣ የመድፏ አፍ አይታይም። «ኤ-01» የሚለው ቁጥር አፍንጫዋ ላይ ከሩዝ ፍሬ ያንሳል።

ሳንቲም ሰብሳቢዋ፦
ሽቦውን በሙሉ አውጣው። መርከቧን በሙሉ ጎኗ ካሳየሃት በክቡ ውስጥ ቀጭን መስመር ሆና ነው የምትቀረው። አፍንጫዋን ወደ እኛ አዙር፣ ቁጥሩም ያድጋል። «የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል» የሚለው ከላይ ዳሩን ይዙር። ፊደላችን እግር ስላለው ትንሽ ሲሆን ይጠፋል፤ ስለዚህ ሌላ ጽሑፍ አትጨምርበት።

የቀድሞው ባሕረኛ፦
ፎቶውን አየሁት። ጥሩ ነው። ማዕበሉን ግን ቀንሰው። ምጽዋ ወደብ ውስጥ እንዲህ ያለ ማዕበል አይነሣም።