«አዙሪት» ነው «ዑደት»? ደግሞስ «ይወክላል» ያስኬዳል?

የኮምቦልቻው፦ ሰላም ለቤቱ። ለተማሪዎቼ ስለ ውቅያኖስና አየር ንብረት አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ሦስት ቀን ያዘችኝ። «ሞዴሉ አዙሪቶቹን አያያቸውም፤ ውጤታቸውን ግን ይወክላል።» ሞዴል ያልኩት የባሕሩን እንቅስቃሴ የሚያሰላውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ አዙሪት ያልኩት ደግሞ ባሕር ውስጥ እየተሽከረከረ የሚሄደውን ውሃ። ብዙ ሞዴሎች ባሕሩን በ1 ዲግሪ መረብ ነው የሚከፍሉት፤ ምድር ወገብ ላይ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። አብዛኞቹ አዙሪቶች ከዚህ ስለሚያንሱ እንደ ጤፍ በወንፊቱ ሾልከው ያልፋሉ። ስለዚህ ሥራቸው በቀመር ይገባል። ይሄ «መወከል» ይባላል?

የኔታ ዘጦሳ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ «አዙሪት»ን ጣለው። አዙሪት ራስ ሲዞር ነው፣ ካልሆነም የድህነት። ግእዙ ዖደ ነው፤ ዐውድ፣ ዐውደ ምሕረት፣ ዐውደ ዓመት ሁሉ ከዚያ ነው። «ዑደት» በል። ታቦት ሲወጣ አላየህም? ዐውሎም ከዚሁ ሳይወለድ አይቀርም።

ሐረጎ መታጠፊያው፦ የኔታ፣ ከ«ደ» ወደ «ለ» በየት በኩል ተሻገሩ?

የኔታ ዘጦሳ፦ እኔ ቅኔ ስቆጥር አንተ አልተወለድክም።

ሶፊ ከፒያሳ፦ የኔታ፣ ይቅርታዎን፤ «የውሃ ዑደት» እኮ ትነት፣ ደመና፣ ዝናብ ተብሎ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ተይዟል። ደግሞ ታቦቱ ዞሮ መንበሩ ይገባል። ከደቡብ አፍሪካ ጫፍ እየተገነጠሉ አትላንቲክ የሚገቡት አዙሪቶች ግን የሕንድ ውቅያኖስን ሞቃትና ጨዋማ ውሃ ተሸክመው ነው የሚሄዱት። መቼ ተመለሱ?

ሐረጎ መታጠፊያው፦ ውክልናም አይሆንም። አዙሪቱ የት ፈረመ? «እንደራሴ» ይባል። ራስ ቢትወደድ ተሰማ የልጅ ኢያሱ እንደራሴ ሆኑ እንጂ ልጅ ኢያሱን አልሆኑም።

ሶፊ ከፒያሳ፦ ቀልድህ ውስጥ ቁም ነገር አለ። የውቅያኖስ ተመራማሪዎቹ ጄንት እና ማክዊሊያምስ በ1990 ያወጡት የቀመር ዘዴ አዙሪት አይሠራም። አዙሪቱ ይሠራው የነበረውን ነው የሚሠራው፤ ያዘነበሉትን የውሃ ንብርብሮች ያጋድማል፣ ከባዱን ውሃ ከቀላሉ ጋር ሳይደባልቅ። ከዚያ በፊት ሞዴሎቹ ዝም ብለው ወደ ጎን ስለሚያደባልቁ ንብርብሩን ያበላሹት ነበር። ስለዚህ የኮምቦልቻው፣ አደራ «ያቀላቅላል» ብለህ እንዳትጽፍ።

የኔታ ዘጦሳ፦ «ንብርብር» ጥሩ ቃል አመጣሽ። ነበረ በግእዝ ተቀመጠ ነው፤ መንበር ከዚያ ነው። አንዱ ባንዱ ላይ ሲቀመጥ ተነባበረ።

ሐረጎ መታጠፊያው፦ አነባበሮም? ኧረ በጾም አታስርቡን!

የኔታ ዘጦሳ፦ አነባበሮማ ዋናው ምስክር ነው።

የኮምቦልቻው፦ ወገን፣ ጥያቄዬ «ይወክላል» ነበር። ጽሑፉ ነገ ጠዋት ይባዛል። ባሕር ማዶዎቹ እንደሚሉት «ኤዲ» ብዬ ልለፈው?

የኔታ ዘጦሳ፦ ኤዲ ካልክ ልጆቹ የማን ልጅ ነው ይሉሃል። ለመሆኑ «አዙሪት»ን በ«አ» ነው በ«ዐ» የጻፍከው?