ክላሹ አልጋ ሥር ይደር ወይ? የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ክርክር

የሆጤው መምህር፦
ጀማው፣ ሰላም ናችሁ? ባለፈው እሑድ ሰፈራችን ሠርግ ነበር። ሙሽራው ሲገባ ክላሽ ተተኮሰ፣ እልልታው ደመቀ፣ እኔም በረንዳ ላይ ቆሜ አጨበጨብኩ። ማምሻውን የጎረቤቴ ማድ ቤት ቆርቆሮ ተበስቶ አገኘነው። ጥይቷ ከሊጡ ቡሃቃ አጠገብ ወድቃለች፤ ሴትዮዋ ከዚያ የተነሣችው ቡና ልታቀርብልን ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ቤታችን ከጦሳ ተራራ ሥር ተደራርቦ የተሠራ ነው፤ የክላሽ ጥይት ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ አንዱ ሰፈር የተተኮሰ የማን ጣሪያ ላይ እንደሚያርፍ ማን ያውቃል? በከተማ ውስጥ መሣሪያ በግለሰብ እጅ ይቆይ ወይስ ይሰብሰብ? እኔ ይሰብሰብ ባይ ነኝ።

የኩታበር ልጅ፦
መምህር፣ ስለ ሠርጉ ተኩስ አልሟገትህም። ይሰብሰብ ያልከው ግን አጥንቴን ነክቶታል። የአያቴ ምንሽር ዛሬም ቤታችን አለ። በ1928 ኅዳር የጣሊያን አውሮፕላን ደሴን በቦምብ ሲደበድብ አያቴ ጎረምሳ ነበር፤ ኋላ በአርበኝነት ያገኘው ጠመንጃ ነው። አስረክብ ስትለኝ አያቴን አስረክብ እንዳልከኝ ነው የምሰማው። ደግሞ በሰሜኑ ጦርነት ጥቅምት 20 ቀን 2014 ደሴ ስትያዝ ማን ደረሰልን? እስከ ኅዳር 27 ድረስ ባለቤቴና ልጆቼ በር ዘግተው የከረሙት በፈጣሪ ጥበቃ ብቻ ነው። ክላሽ የያዝኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ አልሸሽግም።

ባለጋራዡ ከኮምቦልቻ፦
ወንድሜ፣ እኔም ያኔ እዚሁ ነበርኩ። ጎረቤቴ ክላሽ ነበረው። ቤት ለቤት መሣሪያ ሲፈለግ መጀመሪያ የተንኳኳው የእሱ በር ነው፤ በየለቅሶው ሲፎክርበት ስለኖረ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። አንድ ክላሽ ይዞ ጦር የመለሰ ሰው አላየሁም።

የኩታበር ልጅ፦
ጦር እመልሳለሁ አላልኩም። ሌሊት በር የሚሰብር ሌባ አለ። ፖሊስ ጠርቼ እስኪደርስ ለቤቴ ያለሁለት እኔ ነኝ።

ነርሷ፦
እኔ የምሠራው ድንገተኛ ክፍል ነው። በጥይት ተመትቶ ከመጣልኝ ሰው መካከል ሌባ ሲያባርር የተመታ እስካሁን አልገጠመኝም። የሚገጥመኝ ጠመንጃ ሲወለውል ራሱን የመታ፣ በድንበር የተጣሉ ወንድማማቾች፣ አባቱ ለሶላት ሲወጣ መሣሪያ ያነሣ ልጅ ነው። አባቶች ግድግዳ ተደግፈው «ካዝናውን አውጥቼ ነበር እኮ» ይሉኛል። መሣሪያው አስቀድሞ ጎርሶ ከነበረ፣ ማለትም አንዲት ጥይት ለመተኮስ በርሜሉ ውስጥ ገብታ ከነበረ፣ የጥይት ካዝናው ቢወጣም ያቺ አንዷ ጥይት እዚያው ናት። ይህን የማያውቅ ባለመሣሪያ ስንት እንደሆነ ብትሰሙ ትደነግጣላችሁ። ቁስሉም እንደ ሽለላው አይደለም። የገባችበት ጠባብ ነው፣ አጥንት ካገኘች ውስጡን አድቅቃው ትወጣለች። ከዚያ ዘመድ በየኮሪደሩ ደም የሚሰጥ ሰው ፍለጋ ይሮጣል። የስምንት ዓመት ልጅ እጄ ላይ አልፏል። የሌባውን ነገር አቃለልሽው አትበሉኝ፤ እኔም ሌሊት ከተረኛነት ስመለስ እፈራለሁ።

የቀድሞ ወታደር፦
ልጆቼ፣ ምንሽርና ክላሽን በአንድ ስም አትጥሩ። በ1983 የደርግ ሠራዊት ሲበተን ነው ክላሽ እንደልብ በየገበሬው ቤት የገባው። ምንሽር አምስት ይጎርሳል፤ አንዱን ተኩሰህ መቀርቀሪያውን እስክትስብ አንድ ሽማግሌ «ተው!» ይልሃል። የክላሽ ካዝና ሠላሳ ነው፤ ሽማግሌው አፉን ሳይከፍት ያልቃል። እኛ ጦር ሰፈር ስንገባ መሣሪያ በቁጥር ግምጃ ቤት ይገባ ነበር፤ አንዲት ጥይት ከጎደለች ሁላችንም እንጠየቃለን። ሠልጥኖ ያደገ ወታደር እንዲህ ከተጠበቀ፣ ልጆች በሚሯሯጡበት ቤት አልጋ ሥር ማስቀመጥ ምን ይባላል? ሕግም አለ፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን ከልክሎ ቁጥጥሩን ለፌዴራል ፖሊስ ሰጥቷል። ዛሬ ግን ሰው ማስመዝገብ ይፈራል፤ መጀመሪያ የምፈታው እኔ ነኝ ይላል። ያየውን አይቶ ነውና በዚህ ልፈርድበት አልችልም።

የሸዋ በር ልጅ፣ ከአሜሪካ፦
ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። እዚህ መሣሪያ መያዝ እ.ኤ.አ. ከ1791 ጀምሮ በሕገ መንግሥታቸው የተጻፈ መብት ነው፤ በሕዝቡ እጅ ያለው መሣሪያ ከሕዝቡ ቁጥር ይበልጣል። በጥይት ከሚሞተው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ራሱን የሚያጠፋ ነው። ይህ የገባኝ ጎረቤቶቼ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃቸውን ሲቀብሩ ነው፤ ሽጉጡን አባትየው ለቤተሰብ ጥበቃ የገዛው ነበር። አውስትራሊያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 አንድ ሰው 35 ሰዎችን ከገደለ በኋላ መንግሥት ካሳ እየከፈለ 650,000 ገደማ መሣሪያ ሰብስቧል። ግን መምህር፣ እነሱ ያስረከቡት ማታ በራቸውን የሚጠብቅ ሕግ እንዳለ አምነው ነው። እኛ ጋ ዛሬ ማን ይሰብስበው? ተሰብስቦስ የት ይግባ?

የሆጤው መምህር፦
ልክ ነህ፤ ለዚህ መልስ የለኝም። ይሰብሰብ ያልኩት ያቺን ጥይት እጄ ላይ ይዤ ነው። የደስታና የለቅሶ ተኩስን ለማስቆም ግን ማንንም መጠበቅ የለብንም። ቅሬው፣ እድራችን ማለቴ ነው፣ ሰው ያስታርቃል፣ ይቀጣል፣ ይቀብራል፤ የተኮሰ ሰው ቤት ድንኳን አንተክልም ቢል በአንድ ወር ይቆማል። አስታራቂ ሽማግሌዎቻችን፣ አባገሮች፣ ስንቱን ደም አድርቀው የለ? ደም ከመፍሰሱ በፊትስ ለምን አንጠራቸውም?

የሁለት ልጆች እናት፦
ሁላችሁም ስለ ሌባና ስለ ጦር ተናገራችሁ። ባለቤቴ ተቆጥቶ የገባ ቀን እኔ ፊቱን አላይም፤ የማየው የቁም ሣጥኑን ጫፍ ነው። ነክቶት አያውቅም፣ ክፉ ሰውም አይደለም። ድምፁ ከፍ ሲል ግን አፌን እዘጋለሁ፤ እሱ ያሸነፈኝ ይመስለዋል። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። የኩታበር ልጅ፣ ወንድም ጋሼ፣ ክላሹን ቤት ስታስገባ ባለቤትህን ጠይቀሃት ነበር?

የኩታበር ልጅ፦
አልጠየቅኳትም። ዛሬ ማታ እጠይቃታለሁ።

የኩታበር ልጅ፦ (በማግሥቱ)
ጠየቅኳት። ትንሽ ዝም ብላ «አልጋ ስጠርግ ለሁለት ዓመት ያንን ጎን ሳልነካ ነው የምጠርገው» አለችኝ። ልጆቹንም እዚያ ክፍል ብቻቸውን ትታ አታውቅም። እኔ ይህን ሁሉ አላየሁም።

አሁንም አላስረክብም፤ ሐሳቤን አልለወጥኩም። ሌሊት ግን ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ጎርሶ እንዳይሆን አየሁት፤ ጥይቱንም ለብቻው አድርጌ ወንድሜ ቤት አኖርኩት። ጋሼ፣ ስለ ግምጃ ቤት ያሉትን አስቤበታለሁ። ቁልፍ ያለው ጠንካራ የብረት ሣጥን የሚበይድ ሰው የምታውቁ ጠቁሙኝ፤ አራዳ አካባቢ ቢሆን ይቀለኛል።