ከኤይላት አሸዋ ውስጥ ያገኘናቸው ነጫጭ ክቦች ምንድን ናቸው?

የናሆም እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ለትምህርት ቤት ሥራ በእስራኤል ካለችው ከኤይላት ባሕር ዳርቻ አንድ ጭብጥ አሸዋ ይዞ መጣ። በአጉሊ መነጽር ስናየው ምስር የሚያካክሉ፣ ስስና ነጭ፣ ላያቸው እንደ ተቆረጠ ግንድ ቀለበት በቀለበት የሆኑ ነገሮች አሉበት። ጨውና ቆሻሻው ይልቀቅ ብዬ ጥቂቶቹን አቼቶ ውስጥ ብነክራቸው አረፋ ደፍቀው ጠፉ! ምን ነበሩ? የቀሩትንስ እንዴት ላጽዳ? ሥራው የሚቀርበው እሑድ ነው።

ወንፊት፦ እህቴ፣ ፎራሚኒፌራ የሚባሉ ባለ አንድ ሕዋስ የባሕር ፍጥረታት ቅርፊት ናቸው። ቅርፊታቸው እንደ እንቁላል ቅርፊት ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አቼቶ ይበላዋል። የቀረውን በንጹሕ ውሃ ብቻ እጠቢ፤ ለእነዚህ ትልልቆቹ የሻይ ማጥለያ ይበቃል። ሲደርቅ ጥቁር ወረቀት ላይ በትኚውና ጫፉ በረጠበ ቀጭን የቀለም ብሩሽ አንድ በአንድ ልቀሚ። ወረንጦ አትጠቀሚ፣ ይሰባብራቸዋል።

የባሕር ሣር፦ እንደ አገላለጽሽ ሶሪቴስ ወይም ዘመዱ አምፊሶረስ ይመስለኛል። ሁለቱም በቀይ ባሕር ውስጥ በባሕር ሣር ቅጠል ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ። በሕይወት ሳሉ በውስጣቸው አልጌ ስለሚያሳድሩ ወደ ቡናማና አረንጓዴ ያደላሉ፤ ያገኛችሁት ነጩ ባዶ ቤታቸው ነው። ናሆም «ትንሽ ቀንድ አውጣ» ብሎ እንዳይጽፍ አደራ። እንስሳ እንኳ አይደለም፤ ያ ሁሉ ቀለበት የአንድ ሕዋስ ሥራ ነው።

ወንፊት፦ ልክ ነው። ዓይነታቸውን ለመለየት ቅርፊቱን እዩ። የእናንተው እንደ ስኒ ሸክላ ነጭና ብርሃን የማያሳልፍ ነው። እንደ ብርጭቆ የሚያብረቀርቅ፣ ሁለት ፊቱ ያበጠ ካገኛችሁ አምፊስቴጂና ሊሆን ይችላል። የአሸዋ ቅንጣት እየለጠፉ ቤት የሚሠሩም አሉ። ግሎቢጀሪናን ግን እዚያ አትፈልጉ፤ እሱ በባሕር ውሃ ውስጥ ተንሳፍፎ የሚኖር ነው።

የድንጋይ መምህር፦ ቅሪተ አካሉንም ይጨምርበት እንጂ! የጊዛ ፒራሚዶች የኖራ ድንጋይ ኑሙላይትስ በሚባሉ ሳንቲም መሳይ ፎራሚኒፌራ የተሞላ ነው። ከ2000 ዓመት በፊት ግብፅን ያየው ግሪካዊው ጸሐፊ ስትራቦን፣ የሠራተኞቹ የተረፈ ምግብ ድንጋይ ሆኖ ነው ሲባል መስማቱን ጽፏል። ሰው መቀሌ አካባቢም ኑሙላይትስ አለ ሲል እሰማለሁ፤ ግን እዚያ ያለው የአንታሎ የኖራ ድንጋይ የጁራሲክ (የዳይኖሰሮች) ዘመን ነው፣ ኑሙላይትስ ደግሞ ከዚያ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ዘግይቶ የመጣ ነው። ሌሎች ፎራሚኒፌራ ግን እዚያም አሉ።

የናሆም እናት፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 11 ክብና አንድ የሚያብረቀርቅ ለቅመናል። ናሆም ከነሕይወታቸው ለማየት ዋናተኛ መነጽር አድርጎ ሣሩን ልንቀል ይላል፤ ይቻላል?

የባሕር ሣር፦ ይዩት እንጂ አይንቀሉት። የኮራሉ አካባቢ የተፈጥሮ ጥበቃ ክልል ነው። ቅጠሉ ላይ ነጠብጣብ መስለው በዓይን ይታያሉ።