የአፍሪካ ሀገራት ለረጅም ጊዜ ቀውስን የመቋቋም አቅማቸው በምን ላይ ይመሠረታል?

ጥያቄ
በቅርብ ዓመታት አህጉራችንን የመቷት ቀውሶች ብዙዎቹ ከውጭ የመጡ ቢሆኑም፣ ጉዳታቸውን ያከበደው የራሳችን አደረጃጀት ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲስፋፋ የስንዴና የማዳበሪያ ዋጋ ናረ። በ2023 መጨረሻ በቀይ ባሕር ላይ በንግድ መርከቦች የሚፈጸመው ጥቃት ሲበረታ ደግሞ ብዙዎቹ በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ለመዞር ተገደዱ፤ የግብፅ የስዊዝ ቦይ ገቢም በአንድ ዓመት ከግማሽ በላይ አሽቆለቆለ። ከዚህ ተነሥተው መፍትሔው ራስን መቻል ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ከሃምሳ የሚበልጡና አብዛኞቹ ጠባብ ገበያ ያላቸው ሀገራት በየግላቸው ራሳቸውን ሊችሉ ይችላሉን?

ታዛቢ
አይችሉም፤ እኔ አማራጭ መተላለፊያ መያዝን አስቀድማለሁ። ደቡብ ሱዳንን ይመልከቱ። የመንግሥት ገቢዋ በአብዛኛው ከድፍድፍ ነዳጅ የሚገኝ ሲሆን፣ ነዳጁ ወደ ባሕር የሚደርሰው በሱዳን ምድር በሚያልፉ ቧንቧዎች ብቻ ነው። ከዚህም ላይ ሰም የበዛበት ስለሆነ በመንገድ ላይ ካልሞቀ ይረጋል። በሱዳን ጦርነት ምክንያት ነዳጁን በቧንቧው ውስጥ ለሚገፉትና ለሚያሞቁት ጣቢያዎች ናፍጣ ማድረስ ሳይቻል ሲቀር፣ በ2024 መጀመሪያ ዋናው ቧንቧ ተደፍኖ ፈነዳ፤ የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝም ለወራት ሳይከፈል ቆየ። በዚያው ዓመት መጋቢት በኮትዲቯር ጠረፍ አቅራቢያ አራት የባሕር ሥር ኬብሎች ሲበጠሱ የብዙ ምዕራብ አፍሪካ ሀገራት ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ቶሎ ያገገሙት በአብዛኛው በሌላ መስመር ያለፈ ኬብል መጠቀም የቻሉት ነበሩ።

የሒሳብ ሰው
ሐሳቡን እቀበላለሁ፤ ወጪውን ግን ማን ይሸፍናል? ሁለተኛው መንገድ በደህናው ጊዜ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ሀብት ነው፤ በዶላር ተበድሮ የተሠራ ከሆነም ራሱ የቀውስ ምንጭ ይሆናል። ዛምቢያ በ2020፣ ጋና በ2022፣ ኢትዮጵያ በ2023 የውጭ ዕዳ ክፍያ ካቋረጡ በኋላ የገቡበት ድርድር ዓመታት ፈጅቷል። ኬንያ በ2017 ሥራ ያስጀመረችው የሞምባሳ–ናይሮቢ ባቡርም ወደ ዩጋንዳ ድንበር ይዘልቃል ተብሎ ሳለ ለዓመታት ከናይሮቢ ብዙ ሳይርቅ ናይቫሻ አካባቢ ቆሞ ቆይቷል፤ ገቢው በሽልንግ ሲሆን ዕዳው እስከ 2025 ድረስ በዶላር ነበር። እኔ ብሆን በመጀመሪያ የእህልና የነዳጅ ክምችትን፣ ቀጥሎም ያሉትን መስመሮች ጥገና አስቀድማለሁ። ጥገና ግን ሪባን የሚቆረጥለት ሥራ ስላልሆነ ደጋፊ የለውም።

የድንበር ተማሪ
ሁለታችሁም ጎረቤትን ዘንግታችኋል። በ2023 በኒጀር መፈንቅለ መንግሥት ሲካሄድ፣ የምዕራብ አፍሪካ ሀገራት የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ (ኤኮዋስ) ድንበር ዘጋ፤ ናይጄሪያም የኒጀርን ፍጆታ 70 በመቶ ያህል ይሸፍን የነበረውን ኤሌክትሪክ አቋረጠች። ጄኔራሎቹ ሥልጣን ላይ ቀሩ፤ ጨለማው የወረደው በነዋሪው ላይ ነው። ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀርም በጥር 2025 ከማኅበረሰቡ ወጡ። ስለዚህ ሁለተኛውም ሦስተኛውም መስመር ባለቤቱ በተቆጣ ቁጥር የሚዘጋ ከሆነ ብዙ አይጠቅምም።

ለእኔ የተሻለው አርአያ በ1972 የተመሠረተው የሴኔጋል ወንዝ ድርጅት ነው። ማሊ ውስጥ የሚገኘው የማናንታሊ ግድብ የማሊ፣ የሞሪታኒያና የሴኔጋል የጋራ ንብረት ሲሆን፣ ኤሌክትሪኩ 52፣ 15 እና 33 በመቶ ሆኖ ይከፋፈላል። በ1989 ሴኔጋልና ሞሪታኒያ ደም ተቃብተው ግንኙነታቸውን ባቋረጡበት ጊዜ እንኳ ድርጅቱ አልፈረሰም። ወጪውም ለሦስት ስለሚከፈል የሒሳቡ ጥያቄ በከፊል ይመለሳል።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። ግድቡ ግን ገና ሲጀመር የጋራ ነበር። አንድ ሀገር ብቻውን ገንብቶ የጨረሰውን ወደብ ወይም ቧንቧ በኋላ የጋራ ማድረግ ይቻላል?

የድንበር ተማሪ
ባለቤትነቱን ማካፈል ከባድ ነው፤ ተጠቃሚው ሀገር ድርሻ ገዝቶ በቦርዱ ላይ ድምፅ ቢያገኝ ግን የሚዘጋው ወገንም አብሮ ይከስራል። ድርሻው የሚሸጥበት ጊዜ ደግሞ ጠብ ከመነሣቱ በፊት መሆን አለበት።